የተማሪዎች የማኅበራዊ ንግድ ውድድር፦ በሽልማቱ ማግሥት ምን ይጠብቃቸዋል?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ የኅብረተሰብ ችግር የሚፈታ የንግድ ሐሳብ ይዘው መድረክ ላይ ይወጣሉ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያስረዳሉ፣ ዳኞች ይጠይቋቸዋል፣ ነጥብ ይሰጣቸዋል፣ በመጨረሻም ሰው የሚያህል የካርቶን ቼክ ይዘው ፎቶግራፍ ይነሳሉ። እንዲህ ያለው ውድድር በአገራችን እንግዳ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በአዲስ አበባም፣ በክልል ከተሞችም፣ እኔ በምኖርባት መቐለም ወጣቶቹ ይወዳደራሉ፤ እኛም እናጨበጭባለን።

ማጨብጨቡ ባልከፋ። ሕግ እንደተማረ ሰው ግን እኔን የሚያሳስበኝ በማግሥቱ ያለው ነገር ነው። የሽልማቱ ገንዘብ በማን ስም ባንክ ይገባል? መድረክ ላይ የተነገረው ሐሳብስ የማን ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሽልማቱ ሲያልቅ ለዕቃው ወይም ለአገልግሎቱ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛቸው ማን ነው? በእኔ እምነት የአንድ ውድድር ዋጋ የሚለካው ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ተወዳዳሪዎቹን ምን ያህል አዘጋጅቷል በሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ውድድሮቹ ከየት እንደመጡ፣ እንዴት እንደሚሠሩና የአገራችን ሕግ ለአሸናፊዎቹ ምን በር እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ንግድን ከበጎ ሥራ ጋር የማጣመርን ሐሳብ በዓለም ዙሪያ ካስተዋወቁት ሰዎች መካከል የባንግላዴሹ የኢኮኖሚክስ መምህር ሙሐመድ ዩኑስ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። መያዣ ለሌላቸው ድኾች፣ በተለይም ለሴቶች፣ አነስተኛ ብድር የሚሰጠው ግራሚን ባንክ እ.ኤ.አ. በ1983 በሕግ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኑስና ባንካቸው የሰላም የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ዩኑስ ‹‹ማኅበራዊ ንግድ›› የሚሉት ወጪውን ከገቢው የሚሸፍን፣ ትርፉን ግን ለባለሀብቶች ከማከፋፈል ይልቅ መልሶ ለተቋቋመበት ዓላማ የሚያውል ድርጅትን ነው። ምጽዋት ስላልሆነ መክሰር የለበትም። ተራ ንግድም ስላልሆነ ትርፍ መጨረሻው አይደለም።

ይህ ለትግራይ ሕዝብ የባዕድ ወሬ አይደለም። የደደቢት ብድርና ቁጠባ ተቋም በ1980ዎቹ አጋማሽ ሥራ ሲጀምር ገበሬውንና አነስተኛ ነጋዴውን በቡድን ዋስትና ያበድር ነበር። ቤትና መኪና የሌለው ሰው የጎረቤቶቹን እምነት መያዣ አድርጎ ብድር ማግኘት እንደሚችል በዚህ ምድር በተግባር ታይቷል።

ውድድሩን ወደ ዩኒቨርሲቲ ያስገቡት ግን አሜሪካውያን ናቸው። ዛሬ ኢናክተስ በመባል የሚታወቀው የተማሪዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ ተመሠረተ፤ ስሙን የቀየረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪዎች ለማኅበራዊ ንግድ ብቻ የሚሆን ውድድር ጀመሩ። በስፋት የታወቀው ኸልት ፕራይዝ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ ሐሳቡን ያመነጨው አሕመድ አሽካር በጊዜው ራሱ የኸልት ዓለም አቀፍ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ለዓመታት ከውድድሩ ጎን ቆመዋል፤ ለአንደኛው ቡድን የሚሰጠው የመነሻ ካፒታልም አንድ ሚሊዮን ዶላር ደርሷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይቀርባል። አንድ ጊዜ ስለ ምግብ፣ ሌላ ጊዜ ስለ ጤና፣ ስለ ስደተኞች ወይም ስለ ኃይል አቅርቦት ሊሆን ይችላል። ጥቂት ተማሪዎች ቡድን ይመሠርታሉ፣ በግቢያቸው ይወዳደራሉ፣ ያለፉት ወደ ቀጣና ዙር ይሄዳሉ፣ የተመረጡት ለተወሰኑ ሳምንታት ሥልጠና ገብተው ሐሳባቸውን በተግባር ይፈትሻሉ፣ በመጨረሻም ጥቂቶች ለፍጻሜ ይቀርባሉ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችም የግቢ ዙር አካሂደዋል።

ሁለት አሸናፊዎች፣ ሁለት ትምህርቶች

እ.ኤ.አ. በ2016 አንደኛ የወጣው በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት የሚገኘው የኧርላም ኮሌጅ ቡድን ነው። ማጂክ ባስ የተባለው የዚህ ቡድን ሐሳብ ለኬንያ ከተሞች የታሰበ ሲሆን፣ ተሳፋሪው ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ፣ በአጭር የጽሑፍ መልዕክት የአውቶቡስ ትኬት እንዲቆርጥና አውቶቡሱ የት እንደደረሰ እንዲያውቅ የሚያደርግ ነበር። ተማሪዎቹ ውስብስብ ቴክኖሎጂ አልፈጠሩም። ሰው በየፌርማታው ቆሞ የሚያባክነውን ጊዜ አይተው፣ በእጁ ባለው ስልክ መልስ ሰጡት።

ሁለተኛው ታሪክ ረዘም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ አምስት ተማሪዎች የከተማ ድኾችን የምግብ እጥረት በሚበሉ ነፍሳት እንቀርፋለን ብለው አንድ ሚሊዮን ዶላሩን ወሰዱ። አስፓየር የተባለው ኩባንያቸው በጋና ሥራ ጀመረ፣ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፣ በኋላም በካናዳ ለንደን ኦንታርዮ ግዙፍ የፌንጣ ማርቢያ ፋብሪካ ሠራ። ምርቱም በአብዛኛው ለውሻና ለድመት ምግብ የሚውል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2025 ኩባንያው ዕዳውን መክፈል አቅቶት በንብረት ጠባቂ እጅ ገባ።

ይህን የማነሳው በወጣቶቹ ለመሳለቅ አይደለም፤ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ኩባንያ መመሥረት ቀላል ሥራ አይደለም። ነገር ግን በዓለም ትልቁ ሽልማት፣ ታዋቂ ዩኒቨርሲቲና የቀድሞ ፕሬዚዳንት ምስክርነት ተደማምረው እንኳ ገዢን ሊተኩ አልቻሉም። መጀመሪያ የታሰበው ተጠቃሚና በኋላ የተገኘው ገዢም አንድ አልነበሩም። ድኻው ረሃቡን እንጂ የመግዛት አቅሙን ይዞ አልቀረበም።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ መድረኩን ያዘጋጁት ጥቂት ተቋማት ናቸው። አይስአዲስ እ.ኤ.አ. በ2011 በአዲስ አበባ ሲጀመር በአገሪቱ የመጀመሪያው የፈጠራ ማዕከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የሥራ ፈጠራ ልማት ማዕከል ተከፈተ። አይኮግ ላብስ የተባለው ኩባንያ ከአጋሮቹ ጋር ያዘጋጀው ‹‹ሶልቭ አይቲ›› ውድድር በክልል ከተሞች ያሉ ወጣቶችን ጭምር ያሳተፈ ነበር። የሥራ ዕድል ፈጠራ ኮሚሽን የጀመረው ‹‹ብሩህ›› ውድድርም ኮሚሽኑ ሲታጠፍ ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተሻግሯል።

ሕጉም ዘግይቶ ቢሆን ተከትሎ መጥቷል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የስታርትአፕ አዋጅን አጽድቋል። ይህ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ አዋጁ በዋናነት የሚያየው ፈጠራንና በፍጥነት የማደግ አቅምን ነው። ለሕዝብ የሚሰጥ ጥቅም ራሱን ችሎ የቆመ መለኪያ አይደለም። ስለዚህ ‹‹ማኅበራዊ ንግድ›› ብሎ በዚያ ስም የሚመዘገብ ልዩ ሕጋዊ ቅርጽ ዛሬም የለንም። ተማሪው ያለውን ልብስ በልኩ አስጠብቦ ወይም አስፍቶ መልበስ ግድ ይለዋል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከመቐለ የወጣ ምሳሌ

ምሳሌ ፍለጋ ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልግም። በመቐለ ማርያም ሳባ የንጽሕና መጠበቂያ ፋብሪካን የመሠረቱት ወይዘሮ ፍረወይኒ መብራህቱ በአሜሪካ ቴክሳስ ፕሬሪ ቪው ዩኒቨርሲቲ ኬሚካል ምህንድስና የተማሩ ናቸው። ታጥቦ እስከ ሁለት ዓመት ሊያገለግል የሚችል የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ነድፈው እ.ኤ.አ. በ2005 የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ፋብሪካው ሥራ የጀመረው ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሲ.ኤን.ኤን. የዓመቱ ጀግና ብሎ የሸለማቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ነበር። ከፈጠራ መብቱ እስከ ሽልማቱ 14 ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። ሽልማቱ የመጣው ፋብሪካው አሥር ዓመት ከሠራ በኋላ ነው።

ከሽልማቱ ይልቅ ለተማሪዎቻችን የሚጠቅመው ግን የሽያጩ አደረጃጀት ነው። በጊዜው ሲ.ኤን.ኤን. እንደዘገበው ፋብሪካው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ነበሩት፤ በዓመት ከ750,000 በላይ መጠበቂያ ያመርት ነበር፤ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን ምርትም መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች እየገዙ ለተማሪ ልጃገረዶች በነፃ ያድሉት ነበር። ከገዢዎቹ አንዱ ዲግኒቲ ፔሬድ የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ ከመቐለ ዩኒቨርሲቲ ጋርም በጥናትና በትምህርት ሠርቷል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሦስት ሰዎች አሉ። ተጠቃሚዋ የገጠር ተማሪ ናት። ከፋዩ በጎ አድራጊው ድርጅት ነው። አምራቹ በትርፍና ኪሳራ የሚተዳደር፣ ደመወዝ የሚከፍል ፋብሪካ ነው። ወይዘሮ ፍረወይኒ ተጠቃሚዋ መግዛት እንደማትችል አውቀው ሌላ ከፋይ አገኙ፤ ዕቃው ግን ለተጠቃሚዋ የሚበጅ ሆኖ ቀረ። የማክጊሎቹ ተማሪዎች ያጡት ይህንን ነው።

ሓድነት ውስጥ አራት ተማሪዎች ቢኖሩስ?

ሓድነት ከመቐለ ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው፤ ስሙ በትግርኛ አንድነት ማለት ነው። የከተማው የውሃ ችግር የቆየ መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ በየሰፈሩ የሚደረደረውን ቢጫ ጀሪካን ያውቃል። የቧንቧው ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲጠፋ ያለው ሰው በቦቴ ያስመጣል፣ የሌለው በጀሪካን ይገዛል። በአንድ ሊትር ሲሰላ ብዙውን ጊዜ የበለጠ የሚከፍለው ድኻው ነው።

ለማስረዳት ያህል እንበል፣ በሓድነት የሚኖሩ አራት የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አመጡ። የአንድ መንደር ሰዎች በተራ ስልክ በአጭር መልዕክት እየተመዘገቡ በጋራ አንድ ቦቴ ውሃ ያዝዛሉ፤ ቦቴው በታወቀ ሰዓት በታወቀ ቦታ ይቆማል፤ ዋጋው አስቀድሞ ይታወቃል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ውድድር ላይ ቢቀርብም ያሸንፍ ይሆናል። አሁን ሦስቱን ጥያቄዎች በእነዚህ ልጆች ላይ እንፈትሽ።

ከዚያ በፊት ግን እነዚህ ልጆች ከየት እንደመጡ መዘንጋት የለበትም። በትግራይ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ተዘጉ፤ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ተጀመረ። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ባንክና ስልክ ተቋርጠው ቆዩ። የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ፣ ትምህርት ቤቶች መከፈት የጀመሩት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የዛሬው ተማሪ ዕድሜው ከክፍሉ ቀድሟል። የወላጁ ቁጠባ ተሟጧል፤ የብዙ ነጋዴ ዕዳም ሱቁ ተዘግቶ ሳለ ወለድ ሲወልድ ከርሟል። በዚህ ላይ የስደቱ መንገድ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ለእንዲህ ያለ ወጣት በካርቶን ቼክ የተጻፈ ተስፋ ‹‹ላም አለኝ በሰማይ›› ከሆነበት፣ ቀጣዩ ውሳኔው የት እንደሚያደርሰው ሁላችንም እናውቃለን። የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ጥያቄ፦ በማን ስም?

አራቱ ልጆች ሳይመዘገቡ አብረው መሥራት ከጀመሩ አንዱ የተዋዋለው ዕዳ ለአራቱም ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ማቋቋም አለባቸው። ሦስት ዋና ዋና በሮች አሉ።

የመጀመሪያው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ቦታ የተተካው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚያቋቁመውን ማኅበር ጭምር ፈቅዷል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ኪሳራ ቢመጣ የሚጠየቀው ማኅበሩ እንጂ የልጆቹ የግል ንብረት አይደለም፤ ባለሀብት ሲመጣም ድርሻ ለመሸጥ ይመቻል። ጉዳቱ ደግሞ ሕጉ በጎ ዓላማቸውን አያውቅላቸውም። ግብር አስከፋዩ እንደማንኛውም ኩባንያ ከትርፋቸው 30 በመቶ ይጠይቃል። ነገ አብዛኛውን ድርሻ የገዛ ሰውም ዓላማውን ሊለውጠው ይችላል። ይህን ለመከላከል በመመሥረቻ ጽሑፉና በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ዓላማውን፣ ከትርፉ ምን ያህል ተመልሶ ለሥራው እንደሚውልና ያንን አንቀጽ ለመለወጥ ምን ያህል ድምፅ እንደሚያስፈልግ መጻፍ ይቻላል። ብዙ ተማሪ ግን ከመዝጋቢው የሚያገኘውን ናሙና እንዳለ ፈርሞ ይወጣል።

ሁለተኛው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። አዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚገዛው ይህ ቅርጽ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ይሰጣል። የሓድነት ነዋሪዎች ራሳቸው አባል ሆነው ውሃውን በጋራ የሚገዙ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም። አራቱ ልጆች ግን በገዛ ሐሳባቸው ላይ ከብዙዎች መካከል አራት ድምፅ ብቻ እንደሚኖራቸው አውቀው ይግቡ።

ሦስተኛው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ነው። የ2001 ዓ.ም.ን አጥባቂ ሕግ የሻረው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ በሰፊው ፈቅዷል። ዕርዳታ ለመቀበል የሚመቸው በር ይህ ነው። ነገር ግን ትርፍ ለአባላት አይከፋፈልም። ስለዚህ ድርሻ ገዝቶ ትርፍ የሚጠብቅ ባለሀብት ሊገባ አይችልም።

ለየትኛውም ቅርጽ አስቀድሞ መደረግ ያለበት ነገር አለ። አራቱ በመካከላቸው የጽሑፍ ስምምነት ይያዙ። አንዱ ተመርቆ አዲስ አበባ ሥራ ቢያገኝ፣ ሌላዋ የውጭ የትምህርት ዕድል ብታገኝ ድርሻቸው ምን ይሆናል? ድርሻ በአንድ ቀን ተካፍሎ ከሚያልቅ፣ በሠሩባቸው ዓመታት ልክ እየጸና እንዲሄድ መስማማት ይሻላል። የተማሪ ቡድን ከመክሰር በፊት የሚሞተው በምረቃ ነውና።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ሐሳቡ የማን ነው?

ብዙ ተወዳዳሪዎች ‹‹ሐሳቤን ሰረቁኝ›› ብለው ሲከፉ እሰማለሁ። መራራ ቢሆንም እውነቱን መናገር ይገባል፤ ባዶ ሐሳብ በሕግ አይጠበቅም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የተጻፈውን ጽሑፍ፣ የተሠራውን ሶፍትዌርና የተሳለውን ሥዕል እንጂ ከበስተኋላው ያለውን ሐሳብ አይደለም። የቦቴውን ወረፋ የሚያስይዘው ፕሮግራም የልጆቹ ነው። ‹‹ውሃ በጋራ እንግዛ›› የሚለው ሐሳብ ግን የማንም ነው።

ሐሳቡ መሣሪያ ወይም የአመራረት ዘዴ ከሆነ ነገሩ ይለያል። አዋጅ ቁጥር 123/1987 አዲስ፣ የፈጠራ ብቃት ያለውና በኢንዱስትሪ ተግባራዊ ሊሆን የሚችል ፈጠራን ለ15 ዓመት በፓተንት ይጠብቃል፤ በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። ለአነስተኛ ፈጠራ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት አለ፤ ይህም ለ5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ቁልፉ ቃል ‹‹አዲስ›› የሚለው ነው። መድረክ ላይ፣ በቴሌቪዥን ፊት የተዘረዘረ ፈጠራ አዲስነቱ ጥያቄ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፤ ከማመልከቻ በኋላ እንጂ ከማመልከቻ በፊት ሚስጥሩን አትናገሩ። ዳኞችን የሚያሳምነው ጥቅሙ ነው፤ ቅመሙን መግለጥ አያስፈልግም።

ዩኒቨርሲቲውስ ድርሻ አለው? በመርህ ደረጃ በቅጥር ውል ሥራ ላይ የተገኘ ፈጠራ የአሠሪው ነው፤ ተማሪ ግን ሠራተኛ አይደለም። ሆኖም የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ፣ ገንዘብና መምህር ከገቡበት ክርክር ሊነሳ ይችላል። በጽሑፍ አስቀድሞ መስማማት ከሙግት ያድናል። የውድድር አዘጋጆችም በመመዝገቢያ ቅጻቸው ላይ ‹‹ሐሳቡ የተወዳዳሪው ነው›› የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምሩ ምንም አይጎዳቸውም።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ማን ይከፍላል?

ገንዘብ ሲባል የሁላችንም አእምሮ ወደ ብድር ይሮጣል። መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 995/2009 የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቁሞ ነበር። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ደግሞ በተንቀሳቃሽ ንብረት የሚሰጥ ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ወጥቶ ቤት የሌለው ሰው ማሽኑን፣ ከብቱን፣ ሰብሉን ወይም ሌላ ሰው ያለበትን ዕዳ አስይዞ እንዲበደር መንገድ ከፈተ። የመጨረሻውን ነጥብ ተማሪዎች በደንብ ያስቡበት። ከአንድ ሆስፒታል ወይም ከአንድ ድርጅት ጋር የተፈረመ የአቅርቦት ውል ነገ የሚሰበሰብ ገንዘብ ነውና ለብድር መሠረት ሊሆን ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ ገዢ ያለው ብድር የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል፤ ብድር ማግኘት ብቻውን ግን ገዢ አያመጣም።

ወደ ሓድነቶቹ ልጆች ስንመለስ፣ ከፋያቸው ማን ነው? ነዋሪው ከጀሪካን ዋጋ ያነሰ ከሆነለት ይከፍላል። የቦቴ ባለቤቱም ባዶውን ከመዞር አንድ ቦታ ቆሞ ሁሉን መሸጥ ይመርጣልና አነስተኛ ኮሚሽን ሊከፍል ይችላል። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤትና ሆቴል ደግሞ በወር የሚከፍሉ ቋሚ ደንበኞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከእነሱ የሚገኘው ትርፍ መክፈል ለማይችለው ቤተሰብ የሚሸጠውን ውሃ ዋጋ ያቀንሳል። ይህ ስሌት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሊሠራ ይችላል። ለዳኞች ከሚታየው ባለ ቀለም ስላይድ ይልቅ ያ ወረቀት ይበልጣል።

ምን ይደረግ?

ለአዘጋጆች የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሽልማቱ በአንድ ቀን አይሰጥ። ሩቡ በዕለቱ፣ ሩቡ ሲመዘገቡ፣ ቀሪው ግማሽ የመጀመሪያዎቹን ከፋይ ደንበኞች ሲያሳዩ ይለቀቅ። በዚህ መንገድ ውድድሩ ከአንድ ምሽት ወደ አንድ ዓመት ይረዝማል። ሁለተኛ፣ በዳኞች ወንበር ላይ ቢያንስ አንድ እውነተኛ ገዢ ይቀመጥ። የሆስፒታል ግዥ ኃላፊ፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ የዕርዳታ ድርጅት ሎጂስቲክስ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ‹‹ይህን በስንት ብር እገዛዋለሁ?›› ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አሥር አድናቂ ያክላል።

ለዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ፣ የመቐለ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት የተዋሐዱት የቢዝነስ ኮሌጁና የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ነበሩ። ሒሳብ የሚያውቀውና ማሽን የሚያውቀው በአንድ ጣሪያ ሥር ከገቡ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል። የምህንድስናው፣ የጤናው፣ የቢዝነሱና የሕጉ ተማሪ በአንድ ቡድን እንዲገቡ ማስገደድ አዲስ በጀት አይጠይቅም። አራት መሐንዲሶች ብቻቸውን ማኅበር አይመሠርቱም፤ ቢመሠርቱም ሒሳቡን የሚይዝ ያጣሉ።

ለእኛ ለባለሙያዎች የቀረው የቤት ሥራ ቀላል ነው። ጠበቆች በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነፃ አገልግሎት መስጠት እንዳለባቸው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ደንግጎ ነበር። ከዚያ ውስጥ ሦስቱ ሰዓት የአንድ ተማሪ ቡድን መተዳደሪያ ደንብ ለማረም ይበቃል። የሒሳብ ባለሙያው አንድ ቅዳሜ ሰጥቶ የመጀመሪያውን መዝገብ ያስከፍት። የድርጅት ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ሊያደርግ ይችላል፤ ዕቃው ከተስማማው ይግዛ፣ በወቅቱም ይክፈል። ለጀማሪ ድርጅት የዘገየ ክፍያ ካልተከፈለ ብዙም አይሻልም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የመቐለው ፋብሪካ ከፈጠራ መብቱ እስከ ዓለም አቀፍ ዕውቅና 14 ዓመት ወስዶበታል። ዛሬ መድረክ ላይ የወጡት ልጆች ለዚያን ያህል ጊዜ በአገራቸው እንዲቆዩ ከተፈለገ ስማቸውን የሚያስመዘግቡበት ቅርጽ፣ ሥራቸውን የሚጠብቅ ወረቀትና በወር መጨረሻ የሚከፍላቸው ደንበኛ ያስፈልጋቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሕግ አዋቂና ተቋም ሊሰጧቸው ይችላሉ። ሦስተኛውን ግን ሊሆን የሚችለው ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው።